የጋሽ ታፈሰ የደረጃ ዕድገት

የጋሽ ታፈሰን ሞት የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው። ስልኩን ሳነሣ «ሥራ ላይ ነህ?» አሉኝ። «አይደለሁም» አልኋቸው፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። «እንግዲያው ቁጭ በል» አሉና፣ እኔ ወንበር ሳልስብ፣ «ጋሽህ ዛሬ ጠዋት ጡረታ ወጣልህ» አሉኝ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ባለቤትም አይናገረውም። እትዬ አስካለ ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ማልቀሳቸውን ያወቅሁት ድምፃቸው በመጥፋቱ ነው፤ እሳቸው ሲያዝኑ እንጂ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

ስለ ጋሽ ታፈሰ ልጽፍ ስነሣ አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ ትዝታዬን አላምነውም። አንድን ነገር አጥርቼ የማስታውሰው በእርግጥ ስለ ሆነ ይሁን ደጋግሜ ስላወራሁት መለየት ከተሳነኝ ቆይቷል። ለምሳሌ ያ የማይለያቸው ካፖርት በእኔ ትዝታ ግራጫ ነው። እትዬ አስካለ ቡናማ ነው ይላሉ። ባለን ብቸኛ ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ አንባቢ ካፖርቱን በወደደው ቀለም ያስበው፤ ውስጡ የነበረውን ሰው ግን እንደ ምንም ብዬ በቀለሙ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

የተዋወቅነው በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ወደ ብሉሚንግተን የሚሄደው ባቡር ገና አዲስ የነበረበት ዘመን ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርሁ ቅዳሜና እሑድ እሠራለሁ፤ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ። ሌሎቻችን «ቡዝ» የምንላትን የመስታወት ጎጆ እሳቸው «ቢሮ» ይሏታል። ከእግራቸው ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከፊታቸው ገንዘብ መቀበያ መስኮት፣ ከአንገታቸው ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዛቸው ክራባት ነበር።

ጋሽ ታፈሰ አገር ቤት ሳሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጁኒየር የንብረት ሠራተኛ ሆነው ገብተው፣ ጁኒየር የንብረት ሠራተኛ ሆነው ወጡ። ዕድገታቸው በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ይቀድመው ነበር። አንድ ጊዜ መንግሥት ተለወጠ። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ። አንድ ጊዜ ፋይላቸው ጠፋ፤ ፋይሉ ሲገኝ ደግሞ የዕድገት ኮሚቴው ጠፋ። እሳቸው ሥራ ያስለመዷቸው ልጆች ሲኒየር ሆነው፣ ከዚያም ኃላፊ ሆነው፣ ፊርማቸውን እሳቸው ባቀረቡት ወረቀት ላይ ያኖሩ ነበር። ይህን ሲያወሩ ምሬት አልነበረባቸውም፤ ብቻ «ሲኒየር» የምትለዋን ቃል ሲጠሩ፣ ጾም የያዘ ሰው ቅቤ ሲጠራ እንደሚሆነው ትንሽ ይዘገዩ ነበር።

ንግግራቸው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነበር። ሻይ ሲያምራቸው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ጉዳዩ፦ ሻይን ይመለከታል» ይላሉ። የማቆሚያው ዋጋ በዛብኝ ብሎ የሚጮህ ደንበኛ ሲመጣ ሰውየው እስኪጨርስ በትዕግሥት ያዳምጡና፣ «ሰር፣ ዩር ኬዝ ኢዝ አንደር ፕሮሰስ» ይሉታል። ሰውየው ይስቅና ይከፍላል። እንደሚስቅ እያወቁ ይሉት እንደ ሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «ኬዙ እኮ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ እስኪከፍል ድረስ» አሉኝ።

አንድ እሑድ መኪናቸው አልነሣ ብላ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ከጎን ባለችው በሴንት ፖል ከተማ ከአንድ ያረጀ የእንጨት ቤት የታችኛውን ፎቅ ተከራይተው ይኖራሉ። በሩ ሲከፈት እትዬ አስካለ ካፖርት ለብሰው፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አድርገው ተቀበሉኝ። ወደ ውጪ ሊወጡ መስሎኝ «ላድርስዎት ወይ?» አልኋቸው። «የት ልታደርሰኝ? ቤቴ ነኝ እኮ!» አሉ።

ግድግዳው ላይ ያለችውን የሙቀት መቆጣጠሪያ አየኋት፤ ሃምሳ አምስት ትላለች።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል እኮ።»

«የት አባቱ ቀዝቅዞ! ሃምሳ አምስት ዲግሪ ነው። አፋር እንኳ ሃምሳ አምስት አይደርስም።»

«እሱ በፋራናይት ነው። በእኛው በሴንቲግሬድ ዐሥራ ሦስት ቢሆን ነው።»

«አንተ ምሁር፣ ለመሆኑ ስንት ዲግሪ አለህ?»

«አንድ። ሁለተኛውን እየጨረስሁ ነው።»

«አየህ? አንተ በአንድ ዲግሪ ይህን ሁሉ ታወራለህ፤ ይህ ግድግዳ ሃምሳ አምስት ይዞ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም።»

«ግድግዳውማ ምን ይናገር» አሉ እትዬ አስካለ ከጋቢው ውስጥ፤ «በርዶት ነው!»

ጋሽ ታፈሰ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ አየሁ። ፋራናይትን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። የሚያውቁት ሌላም ነገር ነበር፤ የማሞቂያ ጋዙ ቢል በኅዳር እንደ እንግዳ ይገባና በጥር የቤቱ ጌታ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ ግን አይናገሩም፤ በእሳቸው ፈንታ ዲግሪው ይናገራል። እትዬ አስካለም ይህን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋልና መናገራቸውን አይተዉም። «ቢሮ ተብዬው ውስጥ እግሩ ሥር ሂተር አኑሮ ሲሞቅ ይውላል። ከዚያ ቤት ይገባና ብርድ የለም ይለኛል። ለእሱማ ምን ብርድ አለ፣ ከነሙቀቱ ነው የሚመጣው!»

አትላንታ የምትኖር ሰናይት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። በዚያው ዓመት ለጉብኝት መጥታ የእናቷን ጉልበት አይታ ሄደች፤ በሄደች በሳምንቱም ደውላ አዋጅ አወጀች። «አባዬ፣ በሚቀጥለው ዊንተር ቤቱ ካልሞቀ እማዬን እወስዳታለሁ። አንተ ከፈለግህ ከነካፖርትህ ቅር።» አትላንታ አብሮ መሄድ ለእሳቸው የሚታሰብ አልነበረም። ቢሮ አላቸው።

ይህን የነገሩኝ በዚያችው ቢሮ ውስጥ ነው። «ጉዳዩ፦ አስካለን ይመለከታል» ብለው ጀመሩ። ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት አንድ መኪና መጣ፤ ተቀበሉት። ሌላ መጣ፤ ተቀበሉት። መኪና ባልነበረበት ጊዜም አልጨረሱትም። ያን ቀን ነው ነገሩ የብርድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመለያየት ጉዳይ መሆኑ የገባኝ። በትዳር አብረው ያረጁ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ በረዶ ውስጥ።

የስቴቱ መንግሥት የማሞቂያ ወጪ ለከበዳቸው ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ ለገፉ፣ የቢሉን ከፊል እንደሚሸፍን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሰምቼ ነበር። ይህን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ እንደማይሆን፣ ችግሩ አማርኛው እንደሚሆን ከየት አውቄ?

«መንግሥት ለክረምት ማሞቂያ እርዳታ ይሰጣል» አልኋቸው።

«ለክረምት? ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። በሐምሌ ምን ልሁን ብዬ ማሞቂያ እጠይቃለሁ?»

«ክረምት የምለው ይኸኛውን ነው፤ ጥርን።»

«ጥር በጋ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ጥርን ክረምት ያለው ማን ነው?»

«ዊንተር ይሁን ጋሼ።»

«እሱን በል። የሰው አገር ብርድ በገዛ ስሙ ይጠራ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርዳታ ነው ያልኸው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ቆመ። በንብረት ክፍል ሳሉ አንድ ወቅት ስንዴ ወደሚታደልበት ጣቢያ ተልከው ነበር፤ ሥራቸው ስንዴውን መስፈር ነበር። «ሰው ቆሞ ተራ ሲጠብቅ፣ ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ስንዴው ላይ አይደለም። የሚሰፍርለት ሰው እጅ ላይ ነው። የእኔን እጅ ሲያዩ ኖረዋል። እኔ አሁን የማንን እጅ ልይ?» እትዬ አስካለ ኮፍያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡት።

በሌላ ቃል ልግባ ብዬ «ድጎማ በሉት» አልሁ።

«ድጎማ የነዳጅና የዳቦ ነው። የለመድኸው ዕለት ይነሣል።»

«እሺ፣ ድጋፍ።»

«ድጋፍ በሰልፍ ነው የማውቀው። መፈክር አስይዘው ሊያስወጡኝ ነው?»

ቃል አለቀብኝ። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚሆን ትምህርት አልሰጠኝም። ጋሽ ታፈሰ ያዘንሁ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ ይመስላል፣ «ለመሆኑ ለማን ለማን ነው የሚሰጡት?» አሉኝ።

«ለብዙ ሰው ነው» አልሁ ሳላስበው፤ «ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለሲኒየሮች ነው።»

ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ለነማን?»

«ለሲኒየሮች።»

«እንዲያ በለኝ እንጂ!»

የዚህ አገር ሰው ሽማግሌን «ሽማግሌ» ብሎ ላለመጥራት «ሲኒየር» እንደሚለው አንባቢ ያውቃል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ሲኒየር ማለት ከጁኒየር በላይ ያለ፣ ጠረጴዛው ሰፊ፣ ወንበሩ ባለ መደገፊያ የሆነ ሰው ነው። ልዩነቱን ላስረዳ አፌን ከፈትሁ፤ እትዬ አስካለ በዐይናቸው አፌን ዘጉት። «ከደረጃ ጋር የተያያዘ ጥቅማ ጥቅም ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። በእኔ ትዝታ ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ስኮራበትም ኖሬያለሁ። እትዬ አስካለ ግን «እኔ ነኝ ያልሁት፤ አንተማ አፍህን ከፍተህ ቀርተህ ነበር» ይላሉ። ጋሽ ታፈሰን ብጠይቃቸው ኖሮ መንግሥት ነው ያለው ይሉኝ ነበር።

የሆነው ሆኖ ፊታቸው በራ። «ጥቅማ ጥቅም ከሆነማ አይለመንም» አሉ፤ «ይጠበቃል!»

ቅጠል በረገፈ ሰሞን ሦስታችን ማመልከቻውን ወደሚቀበለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄድን። ጋሽ ታፈሰ ካፖርታቸውን በብሩሽ አስወልውለው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማ አስጠርገው ነበር። የተቀበለችን ጃኒስ የምትባል ሹራብ የለበሰች ፀጉረ ነጭ ሴት ናት፤ እሷም ብትሆን ከሲኒየርነት የራቀች አልነበረችም። እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቀች።

«ሁለት» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«ሁለትና እንግዳ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እንግዳውን ተዪው፣ እንግዳ አይቆጠርም።»

«ይበላ የለም እንዴ? ይሞቅ የለም እንዴ?»

ጃኒስ ወደ እኔ አየች። «ሁለት» አልኋት። ከዚያ ወረቀቱን አገላብጣ ዕድሜያቸውን አየችና ፈገግ ብላ፣ ሲኒየር ስለሆኑ ጉዳያቸው ቀድሞ እንደሚታይ ነገረቻቸው። ጋሽ ታፈሰ እንግሊዝኛውን ከእኔ እኩል ሰምተዋል፤ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች?»

«ሲኒየር ስለሆኑ ቅድሚያ አለዎት አለች።»

«ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። ተነሡ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፤ ጎንበስ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ቴንክ ዩ» አሏት። «ኢት ቱክ ሎንግ ታይም።»

ጃኒስ በወረፋው የዘገዩ መሰላት፤ ደነገጠችና «ኦ፣ ሶሪ ፎር ዘ ዌይት!» አለች።

«ኖ ፕሮብሌም» አሉ ጋሽ ታፈሰ በቸርነት። «ኦንሊ ሠርቲ ይርስ።»

ጃኒስ እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደ ተጓዝን እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር አላስችል አላቸው። «አንተ ሰው፣ ሽማግሌ ነህ ብላህ እኮ ነው እጇን የጨበጥሃት።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ መንገዱን እያዩ።

«ታውቃለህ?»

«አስካለ፣ ሽማግሌነትም እኮ ደረጃ ነው። ጁኒየር ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ይህ ንግግር የዚያን ዕለት መኪና ውስጥ መሆኑን ልምልበት አልችልም፤ ከወራት በኋላ በሌላ መንገድ ላይ የተባለ ሊሆን ይችላል። ያወቁት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ኩባያቸውን ሲያስቀምጡ ይሁን፣ ወይስ ጃኒስ ፊት ቆመው ቁልፋቸውን ሲቆልፉ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባትም ማወቅና አለማወቅን እንደ ሁለት ጫማ አንድ ላይ ተጫምተውት ነበር።

ተፈቀደላቸው። ገንዘቡ በእጃቸው ሳያልፍ ለጋዝ ኩባንያው በቀጥታ መከፈሉን በተለይ ወደዱት፤ «እንደ ሹም ቤት ነው፤ ወጪው በመሥሪያ ቤት ይሸፈናል» አሉኝ። በጥር ወር፣ በሠርጉ ወር መሆኑ ነው፣ ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ አስካለ በቀሚስ ብቻ በሩን ከፈቱልኝ። ኮፍያም አልነበረም። ለካ ፀጉር አላቸው፤ ያውም ሹሩባ።

ሙቀቱ ግን ጠባቂ አገኘ። ጋሽ ታፈሰ የንብረት ክፍል ሰው ናቸውና መስኮቶቹን በሙሉ በቀጭን ላስቲክ ሸፈኗቸው፤ ከየበሩ ሥር ፎጣ ወተፉ። በሩ ለአፍታ ከተከፈተ «ዝጋው! የመንግሥት ንብረት ነው!» ይላሉ። የእኛ ሰው እንደምታውቁት ስንብቱን የሚጀምረው በር ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውጪ አድርጎ ነው፤ ዋናው ጨዋታ የሚመጣውም ያኔ ነው። ጋሽ ታፈሰ ይህን ልማድ በቤታቸው ሻሩት። «ስንብት ከበሩ በፊት ተጠናቅቆ ያልቃል። ከበሩ በኋላ የቀረ ጉዳይ በስልክ ይታያል።»

ሰናይት ስትደውል «እማዬ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» ትላለች። «በቀሚስ ነኝ» ይሏታል። ጋሽ ታፈሰ ከጎን ሆነው የስልኩን ወሬ እንዳልሰሙ ሆነው ይሰማሉ። አሸንፈው ነበር። አዋጁ ተሽሮ ነበር።

በተከታዩ ዊንተር ሰናይት ወለደች።

ልጅ ወልዳ እናቷ ሳታርሳት የቀረች ሴት ምን እንደሚባልላት፣ ያልሄደች እናትም ምን እንደምትባል ለአንባቢ አልነግረውም። በእንዲህ ያለ ነገር ሲኒየርነት አይሠራም። ጋሽ ታፈሰ በስልክ «ምን ወለደች?» ብለው ሲጠይቁ አጠገባቸው ነበርሁ። ሴት ናት ተባሉ። እልል ለማለት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፤ ወዲያው ግን ፊታቸው በሒሳብ ተያዘ። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ሴት ናትና በሰማንያ ነው። እትዬ አስካለ ከክርስትናው በፊት አይመለሱም። ሻንጣቸውን ራሳቸው ጋሽ ታፈሰ ተሸክመው እስከ መኪናዬ አመጡት። «የመስክ ሥራ ነው» አሉኝ፤ «ይኬድና ይመጣል።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳልደውል ሄድሁ። በሩን የከፈቱልኝ ካፖርታቸውን ለብሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ጣታቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። ግድግዳው ሃምሳ አምስት ላይ ተመልሷል። ምን ሆነዋል ብዬ ሳልጠይቅ ስልክ ጮኸ፤ እትዬ አስካለ ነበሩ።

«እዚህ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀብረው። «እዚህ ሰባ ነው። ኧረ ላብ በላብ ሆኛለሁ! አሁን ሸሚዜን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ እያልሁ ነው።»

ስልኩን ሲዘጉ ዐይን ለዐይን ተያየን።

«ጋሼ፣ ቢሉ እኮ እየተከፈለ ነው። ለምን አያሞቁትም?»

«ጥቅማ ጥቅሙ ለቤተሰብ ነው። ባለቤት በሌለችበት ብቻዬን ብሞቅ ያለአግባብ መጠቀም ነው።» ይህን በመሥሪያ ቤት ድምፃቸው ተናገሩ። ቀጥሎ ያሉትን ግን በሌላ ድምፅ አሉት፤ «ደግሞ ሳሞቀው ቤቱ ይሰፋብኛል።»

ሰናይት እናቷን እዚያው ለማስቀረት እየወተወተች እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። በአትላንታ በየካቲት ያለ ካፖርት ደጅ ይወጣል። የእትዬ አስካለ ጉልበት ደረጃ መውጣት ጀምሯል። ሕፃኗ ደግሞ እሳቸው ካልያዟት አትተኛም አሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ጋሽ ታፈሰ የነበራቸው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ በየቀኑ በስልክ የሚዋሹት ሰባ ዲግሪ።

«ለምን ተመለሺ አይሏቸውም?» አልሁ።

«እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» አሉኝ። «ብትጠየቅ ትመጣለች። ተጠይቃ ከመጣች ደግሞ ጉልበቷ ባመማት ቁጥር እኔ ነኝ ያመምኋት።»

ክርስትናው አለፈ። ስለ መመለስ የሚናገር ሰው አልነበረም። ጋሽ ታፈሰ በሥራ ላይ ለደንበኞች መልስ ሲሰጡ ቀልዳቸው ቀነሰ፤ የሚጮሁት ደንበኞች መሳቅ ትተው እየጮሁ እየከፈሉ መሄድ ጀመሩ። ዐቢይ ጾም በተጋመሰ ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ቢሯቸው ስገባ ቆመው አገኘኋቸው።

«አስካለ ቅዳሜ ትገባለች» አሉ። «አውሮፕላን ማረፊያ አንተ ሂድላት። እኔ ቤቱን አዘጋጃለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት በረዶ እየጣለ እትዬ አስካለን አምጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኋቸው። ከአትላንታ ሙቀት የመጡ ሰው ናቸውና መጀመሪያ የጠየቁኝ ያው የምጠብቀውን ነው።

«ቤቱ ሞቋል?»

«ሰባ ነው» አልሁ፣ ለጋሽ ታፈሰ አግዤ።

«ሁለታችሁም ውሸታሞች! ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ በስልክ እሰማው አልነበረም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ለእኔ ብሎ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ይዋሽ ብዬ ነዋ!» ከዚያ የሚወርደውን በረዶ እያዩ፣ «ሰናይት ቤት እኮ ሙቀቱን የሚጠብቀው ሰው የለም። ዝም ብሎ ይሞቃል። ምኑ ይጥማል?» አሉ።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እሳት ወላፈን ፊታችንን መታን። ከሰማንያ በላይ ነበር። ጋሽ ታፈሰ በሸሚዝና በክራባት፣ ፊታቸው ላብ አውጥቶ፣ እንደ ሠርግ ሚዜ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ካፖርታቸውን አወለቁ። ሹራባቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አወረዱ። ወንበር ላይ ተቀምጠው በነጠላው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ፣ «አንተ ሰው፣ ልትቀቅለኝ ነው?» አሉ።

እኔ ይህን ታሪክ ለዓመታት ስናገር የምጨርሰው እንዲህ ነበር፦ እትዬ አስካለ ይነሣሉ፤ ጋሽ ታፈሰ ያን ያህል የተጠበቡበትን ላስቲክ እትዬ አስካለ ከመስኮቱ ላይ ቀድደው ይጥላሉ፤ መስኮቱን ወደ ላይ ይገፉታል፤ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ይገባል። የመንግሥት ንብረት እየተግተለተለ ወደ ጎዳና ሲወጣ ጋሽ ታፈሰ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ሁለቱ መስኮቱ ሥር ወንበር ስበው፣ ጀርባቸውን ለሙቀቱ፣ ፊታቸውን ለብርዱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። እኔ ከበሩ በፊት ተሰናብቼ እወጣለሁ።

በለቅሶው ቤትም ለተሰበሰበው ሰው ይህንኑ ነገርሁ። ሰው በእንባው መካከል ሳቀ። እትዬ አስካለ ግን ከተቀመጡበት ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ አልከፈትሁም» አሉ። «በዚህ ጉልበቴ ያንን መስኮት ልገፋው? ታፈሰ ነው የከፈተው። ሞቀኝ ስለው።»

ልከራከር ነበር፤ ተውሁት። ሰውየው ለስንብት እንኳ በር የማያስከፍቱ ሰው ነበሩና፣ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ እንደማልረሳው እርግጠኛ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ትዕይንቱን ደጋግሜ በዐይነ ኅሊናዬ አቀረብሁት፤ የእትዬ አስካለን እጅ ከመስኮቱ ላይ ለማኖር ሞከርሁ። እምቢ አለኝ። አሁን የሚታየኝ ክራባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ፣ ላስቲኩን በጥፍራቸው ሲቀድዱ ነው።